ማን አቀራቸው?

ጎባ ላይ ከእናቴ ቤት ጋር አጥር የሚጋሩ አንድ ሼኽ አሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰፈሩን ልጆች ቁርአን ሲያቀሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ባለፈው ክረምት ቤተሰብ ልጠይቅ ሄጄ፣ ጉሙ ከተራራው ወርዶ መንገዱን በሸፈነበት አንድ ከሰዓት በኋላ ከእሳቸው ዘንድ ቡና ላይ ተቀመጥኩ። ጨዋታ ጨዋታን ሲያነሳው ብዙ ጊዜ የማወራትን አንዲት ወሬ አወጣሁላቸው። የወንጪ ልጆችን ወሬ።

«ባሕር ማዶ ያሉ ሰዎች» አልኳቸው፣ «ትምህርት ቤት ወደሌለበት መንደር ሄደው የታሸጉ ካርቶኖች ትተው ተመለሱ። አስተማሪ የለ፣ መመሪያ የለ። በ4 ደቂቃ ውስጥ አንዱ ልጅ ካርቶኑን ከፍቶ፣ ማብሪያውን ፈልጎ አገኘና መሣሪያውን አበራው። በ5 ቀን እያንዳንዱ ልጅ በቀን 47 ፕሮግራም እየከፈተ ይጫወት ጀመር። በ2 ሳምንት የእንግሊዝኛ ፊደል መዝሙር በመንደሩ ይሰማ ጀመር። በ5 ወር የተቆለፈባቸውን ሰብረው ገቡ!»

ሼኹ ስኒያቸውን አስቀመጡና «ማሻ አላህ» አሉ። ጥቂት ቆዩና «ለመሆኑ ማን አቀራቸው?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«ማንም» አልኩ፣ የወሬው ጣዕም ያለው እዚያ ላይ ነው ብዬ በኩራት።

«እንግዲያው ምን ቀሩ?»

መልስ አጣሁ። ይቺ ጽሑፍ ያን ዕለት ያጣሁትን መልስ ስፈልግ የተጻፈች ናት። አንባቢ አስቀድሞ እንዲያውቅልኝ የምፈልገው ነገር ቢኖር፣ ወሬዋን ለዓመታት በመምህራን ክፍል፣ በምርቃት ድግስ፣ በአውቶቡስ ጉዞ ሳይቀር ሳወራ የኖርኩት እኔው ራሴ መሆኔን ነው። ስለዚህ ሂሱ ከሌላው ይልቅ በመጀመሪያ የሚያርፈው በእኔ ላይ ነው።

ወሬው እንደ ድርሰት

አንድ ልብ ወለድ ሲቀርብልን የምንጠይቃቸው የታወቁ ጥያቄዎች አሉ። ተራኪው ማን ነው? ገጸ ባሕርያቱ እነማን ናቸው? ምን ተነገረ፣ ምንስ ተዘለለ? የወንጪን ወሬ እንደ ድርሰት አስቀምጠን በእነዚህ ጥያቄዎች ብንፈትሸው ነውር የለውም፤ በዓለም ላይ የተሰራጨውም እንደ ሪፖርት ሳይሆን እንደ ተረት ነውና።

ተራኪው ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ ይባላሉ። በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም የሚዲያ ላቦራቶሪ መሥራች ናቸው። ወሬውን ለአዳራሽ ታዳሚ የተናገሩት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2012 ነው። ቦታዎቹ ሁለት ናቸው፤ አንዱ በአምቦና በወሊሶ መካከል ያለው የወንጪ ገደል አፋፍ፣ ሌላው ከአዳማ ወዲያ ቆላ ላይ ያለችው የወለንጪቲ አካባቢ። በየመንደሩ 20 ያህል ልጆች ሞቶሮላ ዙም የተባለ ታብሌት ተሰጣቸው። መሣሪያዎቹ በፀሐይ ኃይል የሚሞሉ ነበሩ።

የወሬው ጀግኖች ልጆቹና ሣጥኑ ናቸው። ሌላ ሰው በመድረኩ ላይ አይታይም። ዝርዝሩን ያነበበ ሰው ግን ከመጋረጃው ጀርባ ብዙ ሰው ቆሞ ያገኛል። ታብሌቱን በፀሐይ እንዲሞሉ አሠራሩ የተነገራቸው የመንደሩ ትልልቅ ሰዎች ነበሩ። በየሳምንቱ እየመጣ የማስታወሻ ካርዱን የሚለዋውጥ ቴክኒሽያን ነበር። ልጆቹ ምን እንደነኩና ስንት ጊዜ እንደነኩ ባሕር ማዶ ተቀምጠው የሚያነቡ ተመራማሪዎች ነበሩ። ከሁሉ በላይ ደግሞ መዝሙሩን የዘመሩ፣ ሥዕሉን የሣሉ፣ ጨዋታውን ያዘጋጁ ሰዎች ነበሩ። እነዚህ ሁሉ አስተማሪ ካልተባሉ ምን ሊባሉ ነው? መምህሩ ከወሬው አልጠፋም። ሣጥኑ ውስጥ ገብቶ ተደብቋል። የተደበቀ መምህር ደግሞ አይጠየቅም፤ ልጁ «አልገባኝም» ቢለው አይሰማም።

ሌላም የተዘለለ አለ። በመንደሩ ጽሑፍ የሚባል ነገር ፈጽሞ አልነበረም ተብሎ ተነግሯል፤ ወረቀት የለ፣ ምልክት የለ፣ የዕቃ ማሸጊያ እንኳ የለ። እኔ ያደግሁት በደጋ አገር ነው። በባሌ ደጋ ከመኪና መንገድ የራቀ ቤት ገብቶ ዙሪያውን የቃኘ ሰው የማዳበሪያ ከረጢት ያያል፤ የዘይት ጀሪካን ያያል፤ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ አሮጌ ጋዜጣ፣ በቆዳ የተሰፋ ክታብ፣ የግብር ደረሰኝ ያያል። ማንበብ የማይችል ቤተሰብ ጽሑፍን አያውቅም ማለት አይደለም። እንዲያውም ከማንም ይልቅ አሳምሮ ያውቀዋል፤ ደረሰኙን የሚያነብለት ሰው ፍለጋ ስንት ጊዜ ወደ ከተማ ወርዷልና። ልጁ ፊደል ፊት የተደነቀው ሥልጣን ያለው ነገር መሆኑን ከቤቱ ስለሚያውቅ ሊሆን ይችላል። ወሬው ግን ባዶ መንደር ያስፈልገው ነበር፤ ሣጥኑ ይበልጥ እንዲያበራ።

ከዳካር እስከ ቱኒዝ

ነገሩ በወንጪ አልተጀመረም። ሴይሞር ፓፐርት የሚባሉ፣ በደቡብ አፍሪካ የተወለዱ የሒሳብ ሊቅ ነበሩ። ልጅ የሚማረው ሲነገረው ሳይሆን ራሱ ሲሠራ ነው፤ ኮምፒዩተርም ለዚህ ሥራ የተመቸ መሣሪያ ነው ብለው እ.ኤ.አ. በ1980 በታተመ መጽሐፋቸው አስተምረዋል። እሳቸውና ኔግሮፖንቴ ገና በ1982 ዳካር ድረስ አፕል ኮምፒዩተሮች ወስደው ከልጆች ጋር ሞክረዋል። እ.ኤ.አ. በ1999 ደግሞ በኒው ዴልሂ ሱጋታ ሚትራ የሚባሉ ሰው ኮምፒዩተር በግንብ ቀዳዳ ውስጥ አስገብተው የሰፈር ልጆች ያለ አስተማሪ ሲነካኩት ተመለከቱ። እኔ የማወራት ወሬ እንግዲህ ታላላቅ እኅቶች አሏት።

እ.ኤ.አ. በጥር 2005 ኔግሮፖንቴ በዳቮስ ስብሰባ ላይ የ100 ዶላር ላፕቶፕ ለእያንዳንዱ የድሃ አገር ልጅ እንሠራለን ብለው አወጁ። በዚያው ዓመት ኅዳር ቱኒዝ ላይ ናሙናው ለዓለም ታየ። የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ኮፊ አናን ኤሌክትሪክ እንዲያመነጭ የተባለውን የእጅ መዘውር ይዘው ሲያሽከረክሩ መዘውሩ ተነቅሎ እጃቸው ላይ ቀረ። በኋላ በተመረተው መሣሪያ ላይ መዘውሩ አልነበረም። የ100 ዶላሩ ዋጋም አልነበረም፤ እ.ኤ.አ. በ2007 መጨረሻ ምርቱ ሲጀመር ዋጋው 188 ዶላር አካባቢ ነበር።

ሆኖም ለእውነት እንቁም። አረንጓዴና ነጩ ላፕቶፕ እንደ ዕቃ ሲታይ የሚያስደንቅ ሥራ ነበር። ስክሪኑ በጠራራ ፀሐይ ይነበባል። የቁልፍ ሰሌዳው በላስቲክ የተሸፈነ ስለሆነ አቧራና ውኃ በቀላሉ አይገባውም። የሚሽከረከር ዲስክ ስለሌለው ቢወድቅም ቶሎ አይሰበርም። ጥቂት ዋት ይበቃዋል። ለድሃ ልጅ ተብሎ የተሠራ ነገር ሁሉ ዝርክርክ በሆነበት ዓለም፣ ለድሃ ልጅ ብለው እንዲህ የተጠነቀቁ መሐንዲሶች ምስጋና ይገባቸዋል። የእኔ ጥል ከመሐንዲሶቹ ጋር አይደለም።

5000 ላፕቶፕ በኢትዮጵያ

ወደ አገራችን የመጡት እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። በጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅትና በኢትዮጵያ መንግሥት የጋራ ፕሮግራም አማካይነት 5000 ያህል ላፕቶፖች በአዲስ አበባና በገጠር ለሚገኙ ጥቂት የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተከፋፈሉ። የግዕዝ ፊደላት የሰፈሩበት የቁልፍ ሰሌዳ ተሠራላቸው፤ የመማሪያ መጻሕፍትም ተጫኑባቸው። ይህ መልካም ጅምር ነበር። በ188 ዶላር ሒሳብ ቢባዛ ማጓጓዣውን ሳይጨምር 940 ሺህ ዶላር ይሆናል። ያኔ የአገሪቱ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ከ10 ሚሊዮን በላይ ነበር። «ለእያንዳንዱ ልጅ» የሚለው ቃል በእኛ አገር ምን ያህል ትልቅ ቃል እንደነበር ከዚህ ይታያል።

ውጤቱስ? ከኔዘርላንድስ የግሮኒንገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ላፕቶፕ የተሰጣቸውን ልጆች ካልተሰጣቸው ጋር አነጻጽረው ነበር። ላፕቶፕ ያላቸው ልጆች ነገርን ከነገር በማመሳሰልና በወገን በወገን በመመደብ ፈተና የተሻሉ ሆነው ተገኙ። ይህን ደብቄ ልለፈው አልችልም፤ ጥሩ ዜና ነው። የመማሪያ ክፍሉ ነገር ግን ሌላ ነበር። መምህራኑ በቂ ዝግጅት ስላልተደረገላቸው ላፕቶፑ በክፍል ውስጥ የጨዋታ ዕቃ ሆኖ ታያቸው፤ ትምህርት ሲጀመር «ዝጉት» ማለት የተለመደ ሆነ።

ከእኛ እጅግ በበለጠ መጠን የሞከረችው አገር ፔሩ ናት፤ ከ800 ሺህ በላይ ላፕቶፕ አከፋፍላለች። የኢንተር አሜሪካ ልማት ባንክ በ319 የገጠር ትምህርት ቤቶች ያካሄደው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2012 ሲወጣ በሒሳብና በንባብ ፈተና ላይ የታየ ለውጥ አላገኘም። በጠቅላላ የማሰብ ችሎታ መለኪያዎች ላይ ግን ጥቂት መሻሻል አገኘ። ሁለቱን ጥናቶች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው አንድ ነገር ይታየዋል። መሣሪያው የልጁን አእምሮ ያነቃቃል፤ ማንበብና መቁጠር ግን አያስተምርለትም። ይህ ቀላል ግኝት አይደለም። የሼኹን ጥያቄ በቁጥር የጻፈው ነው።

«ቲቸር፣ ምን አለች?»

አሁን ደግሞ ወደ ራሴ ልመለስ። በ1997 ዓ.ም. ፕላዝማ ሲመጣ እኔ በሮቤ አካባቢ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ መምህር ነበርኩ። ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ በሳተላይት ይተላለፋል። ከ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ 30 ያህሉ የስክሪኑ ነው። ለእኛ መግቢያና መደምደሚያ ላይ ትንሽ ትንሽ ደቂቃ ተመጽውታልናለች። በመምህራን ክፍል እርስ በርሳችን «ሪሞት ያዥ» እየተባባልን እንቀልድ ነበር። ቀልዱ ቶሎ መረረ።

የስክሪኗ መምህርት ጥሩ መምህርት ነበረች። ሥዕሎቿ ያማሩ፣ ሙከራዎቿ እኛ ቤተ ሙከራ ውስጥ በሕልም እንኳ የማናያቸው ነበሩ። ጥያቄ ትጠይቅና ልጆቹ እንዲወያዩ ሁለት ደቂቃ ትሰጣለች፤ የስክሪኑ ሰዓት ወደ ኋላ ይቆጥራል። ልጆቹ ጥያቄው ምን እንደሆነ ሲጠያየቁ ሰዓቱ ያልቃል። እሷም «በጣም ጥሩ!» ብላ ትቀጥላለች። አንድ ቀን ከፊት ወንበር የተቀመጠ ልጅ ረስቶት ለስክሪኑ እጁን ሲያወጣ አየሁ። ክፍሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። አሁን ሳስበው በሕይወቴ ካፈርኩባቸው ሳቆች አንዱ እሱ ነው።

ከተማሪዎቼ አንዷ ከሲናና በኩል ትመጣ ነበር። ብዙዎቹ የገጠር ልጆች እንደሚያደርጉት ሮቤ ላይ ከጓደኞቿ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይታ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ቤቷ በእግሯ ሄዳ የሳምንቱን በሶና ዳቦ ተሸክማ ትመለሳለች። የፕላዝማው ትምህርት ሲያልቅ ከበሩ ላይ ትጠብቀኝና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ቲቸር፣ ምን አለች?» ትለኛለች። በየቀኑ አንድ ዓይነት ጥያቄ። ቆሜ በኦሮምኛም በአማርኛም እያደባለቅሁ እነግራታለሁ። ጥቂት ቆይቶ ሌሎችም ከኋላዋ ይቆሙ ጀመር። በዚያ ዓመት ካስተማርኩት ትምህርት ሁሉ ትምህርት ብዬ የማስታውሰው በር ላይ የቆምንባቸውን እነዚያን ደቂቃዎች ብቻ ነው። በክፍለ ጊዜ ሰሌዳው ላይ ግን አልተጻፉም፤ ማንም አልቆጠራቸውም።

የወንጪን ወሬ ከዓመታት በኋላ በሰማሁ ጊዜ ይህችን ልጅ እንዴት ረሳኋት? ይህ ነው የሚያሳፍረኝ።

አንበሳው

ከወንጪ ወሬ ውስጥ አንድ ትንሽ ነገር አለች። አንድ ልጅ የእንስሳት ሥዕል ያለበትን ጨዋታ ሲጫወት ቆይቶ፣ የሥዕል መሣያውን ከፍቶ አንድ ቃል ጻፈ። «ላየን» ብሎ፣ በእንግሊዝኛ። ይህች የልጅ ጽሑፍ በዓለም ጋዜጦች ተነበበች። እኔም ስሰማት ልቤ ሞቋል፤ አልክድም።

ነገር ግን ልጁ በእናቱ ቋንቋ አንበሳን «ሌንጫ» ይላል። የኦሮሚያ ሕፃናት በኦሮምኛ፣ በላቲን ፊደል መማር ከጀመሩ ከ30 ዓመት በላይ ሆኗል። የሚያስቆጨው እዚህ ላይ ነው። ፊደሎቹ ያው ናቸው! በዚያው ሣጥን፣ በዚያው ስክሪን፣ ልጁ «ሌንጫ» ብሎ ጽፎ ለእናቱ ቢያነብላት እናቱ ትሰማው ነበር። አያቱ ስለ ሌንጫ የሚያውቁትን ተረት ይጨምሩበት ነበር። የጻፈው ቃል ቤቱ ይገባ ነበር። «ላየን» ግን ከስክሪኑ ተነስቶ ወደ ስክሪኑ ተመለሰ፤ የተነበበውም ባሕር ማዶ ነው።

በ2008 የመጣው ላፕቶፕ የእኛን ፊደል ለብሶ፣ ለትምህርት ቤት ታስቦ መጥቶ ነበር። መምህሩን ማዘጋጀት ላይ ሲደናቀፍ የሚቀጥለው እርምጃ መምህሩን ማዘጋጀት መሆን ነበረበት። ከ4 ዓመት በኋላ የመጣው ሙከራ ግን መምህሩንም፣ ትምህርት ቤቱንም፣ ቋንቋውንም አንድ ላይ ዘለላቸው። መፍትሔው እንቅፋቱን ማንሳት ሳይሆን ሰውን ማንሳት ሆነ።

ሰሌዳና ኮምባይነር

የባሌ ሰው መሣሪያ አይፈራም። በመኸር ሰሞን ሮቤን ያየ ሰው ይመስክር፤ ከስንዴው ባሕር ውስጥ ኮምባይነሮች እንደ መርከብ ይዋኛሉ። ነገር ግን ኮምባይነር ብቻውን መጥቶ አያውቅም። ከኦፕሬተሩ፣ ከነዳጁ፣ ከመካኒኩና ከመለዋወጫው ጋር ይመጣል። ኮምባይነሩን ማሳው ዳር አቁሞ «ገበሬው ብልህ ነው፤ በ4 ደቂቃ ቁልፉን ያገኘዋል» ብሎ የሚሄድ ሰው ቢኖር ገበሬው ብልህነቱን የሚያሳየው ሰውዬውን በመሳቅ ነው። ለስንዴ የማናደርገውን ለልጅ ለምን እናደርጋለን?

«አንድ ልጅ፣ አንድ ሰሌዳ» ደግሞ ለዚህ አገር አዲስ ሐሳብ አይደለም። የሼኹ ልጆች እያንዳንዳቸው ሉሕ የሚሉት የእንጨት ሰሌዳ አላቸው። በጥላሸት ቀለም ይጻፍበታል፤ ልጁ ሲያጠናው ይታጠብና ሌላ ይጻፍበታል። ባትሪ አይፈልግም፤ ቢወድቅ አይሰበርም። ከቤተ ክርስቲያኑ ወገንም የፊደል ገበታው አለ፤ ከጎኑም የኔታ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም ጥቁር ሰሌዳና ጠመኔ ይዞ፣ መጀመሪያ በ5 በኋላም በ15 የአገሪቱ ቋንቋዎች አስተምሯል። የዚያን ዘመን ግዳጅና መከራ የሚያውቅ ሰው ዘመቻውን ያለ ቅሬታ አያነሳውም፤ ከተማሩትም ብዙዎቹ የሚያነቡት አጥተው መልሰው ረስተውታል። ቢሆንም በሦስቱም ዘንድ አንድ ነገር አይቀርም። ሰሌዳው ከሰው ጋር ነው የሚመጣው።

ለሼኹ ግን ዝም ብዬ አልተሸነፍኩላቸውም። «እርስዎ ዘንድም እኮ» አልኳቸው፣ «ልጆቹ የሚቀሩት በማያውቁት ቋንቋ ነው። ዓረብኛ የባሌ ልጅ አፍ መፍቻ አይደለም።»

ፈገግ አሉ። «ለዚህ አይደል እኔ እዚህ የተቀመጥኩት?» አሉኝ።

እንግዲህ ምን ይደረግ? መሣሪያው አያስፈልግም ወደሚል ድምዳሜ የሚነዳኝ ካለ አልነዳለትም። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ የከተማው ልጅ በቴሌግራምና በቴሌቪዥን ጥቂትም ቢሆን ሲማር፣ ሮቤ ላይ ክፍል የተከራዩት የገጠር ልጆች ፍራሻቸውን ጠቅልለው ወደ እርሻቸው ተመለሱ። ከእነርሱ ውስጥ ስንቱ ሳይመለስ እንደቀረ በየቀበሌው ያሉ መምህራን ያውቃሉ። መሣሪያ ማጣት በደል ነው። መሣሪያ ሰጥቶ መምህር መንሳትም በደል ነው። ሁለተኛውን በደል የሚያከፋው ስጦታ መስሎ መምጣቱ ነው።

ነገ ሌላ ርካሽ መሣሪያ ይመጣል፤ አሁንም በሌላ ስም፣ በሌላ ቀለም እየመጣ ነው። ሲመጣ መጀመሪያ የሚከፈተው ካርቶን የመምህሩ ይሁን። ከልጆቹ አንድ ክረምት ቀድሞ ለእሱ ይሰጠው፤ ይነካካው፣ ይሳሳትበት፣ ይናደድበት። ውስጡ የሚገባው ተረትና ሒሳብ በልጁ ቋንቋ እዚሁ ይጻፍ፤ ሮቤ ላይ መደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ አለ፣ በየወረዳው ብዕር መያዝ የሚችሉ መምህራን አሉ። ከመግዣው ገንዘብም ለማስጠገኛውና ለመምህሩ ሥልጠና የሚሆነው አስቀድሞ ይቀመጥ። ይህ ሁሉ ወጪውን ያበዛዋል፤ ርካሹን ላፕቶፕ ውድ ያደርገዋል። እውነተኛ ዋጋው ግን ያው ነበር፤ የተቀነሰው ክፍያው ሳይሆን ሰውየው ነው።

ከጎባ ከመመለሴ በፊት ሮቤ ላይ አንድ ቀን አደርኩ። ያስተምርኩበት ግቢ ገብቼ የድሮ ክፍሌን አየሁ። ፕላዝማው የተሰቀለበት የብረት ሣጥን ግድግዳው ላይ ነበር፤ ውስጡ ጠመኔና መጥረጊያ ተቀምጦበታል። አንዲት ወጣት መምህርት በሩ ላይ ቆማ ለሦስት ተማሪዎች በኦሮምኛ የሆነ ነገር ታስረዳለች። ደወሉ ከተደወለ ቆይቷል፤ አልሄዱም። እንዳልረብሻቸው ብዬ በጓሮ በኩል ወጣሁ።